ከሁለት ፕሮቶኖች ግጭት ያ ሁሉ ቅንጣት ከየት ይመጣል?

ስለ ቅንጣት ማፋጠኛዎች የሚጻፉ ዜናዎች ብዙውን ጊዜ ሳይንቲስቶች ፕሮቶኖችን የሚያጋጩት ሰብረው ውስጣቸውን ለማየት እንደሆነ ይገልጻሉ። አባባሉ በከፊል እውነት ቢሆንም ዋናውን ጉዳይ ይሸፍነዋል። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ በሚገኘው የሰርን ቤተ ሙከራ ሁለት ፕሮቶኖች ፊት ለፊት ሲጋጩ በአሥሮች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጡ ቅንጣቶች ይወጣሉ፤ የእነዚህም ድምር መጠነ ቁስ ከሁለቱ ፕሮቶኖች መጠነ ቁስ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ስብርባሪ ከተሰበረው ነገር ሊከብድ ስለማይችል፣ እነዚህ ቅንጣቶች ቀድሞውኑ በፕሮቶኖቹ ውስጥ ተቀምጠው ነበር ማለት አይቻልም። የተሠሩት በግጭቱ ቅጽበት ነው።

ይኸው ነገር ማንም ሳያዝዘው ከራሳችን በላይ ባለው አየር ውስጥም ዘወትር ይከናወናል። ከኅዋ በከፍተኛ ፍጥነት የሚመጡ፣ ኮስሚክ ጨረር የሚባሉ የአቶም አስኳሎች ከአየሩ የናይትሮጅንና የኦክስጅን አስኳሎች ጋር ይጋጫሉ፤ ከግጭቱ የሚወለዱትም ወደ ምድር ይወርዳሉ። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር በየደቂቃው 10,000 ያህል ሚዩዎን የተባሉ ቅንጣቶች ያልፋሉ። ጣሪያ አያግዳቸውም፤ የሰውን አካልም ሳይሰማው አልፈውት ይሄዳሉ።

ጉልበት እንዴት ቁስ ይሆናል?

አልበርት አይንስታይን በ1905 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መጠነ ቁስ ራሱ አንድ የጉልበት መልክ መሆኑን አሳየ። የአንድ ነገር መጠነ ቁስ በብርሃን ፍጥነት ካሬ ሲባዛ በውስጡ የታመቀው ጉልበት ይገኛል። ስሌቱ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ በመሆኑ፣ በቂ የእንቅስቃሴ ጉልበት በአንድ እጅግ ጠባብ ቦታ ሲሰበሰብ ከዚያ በፊት ያልነበረ ቅንጣት ሊወጣው ይችላል። ይህ ሲሆን ግን ተፈጥሮ ሒሳቧን ትጠብቃለች፤ የኤሌክትሪክ ሙል ድምር ከግጭቱ በፊትም በኋላም እኩል መሆን አለበት፣ አዲስ የቁስ ቅንጣት ሲፈጠርም ጸረ ቁስ የሆነ አቻ አብሮት ይፈጠራል።

በዚህ ሙያ ጉልበት የሚለካው በኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ይህም አንድ ኤሌክትሮን በአንድ ቮልት ልዩነት ሲሳብ የሚያገኘው ጉልበት ማለት ነው። የአንድ ፕሮቶን መጠነ ቁስ በዚህ መለኪያ 938 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ሲሆን፣ ከግጭቶች በብዛት የሚወጣው ፓዮን የተባለው ቅንጣት 140 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። ላርጅ ሃድሮን ኮላይደር የተባለው የሰርን ማፋጠኛ በ27 ኪሎ ሜትር ቀለበቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ፕሮቶን 6.8 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይሰጠዋል፤ ይህም ከራሱ ከፕሮቶኑ መጠነ ቁስ ከ7,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያን ያህል ጉልበት ካለ በመቶ ሺህ የሚጠጉ ፓዮኖች ለምን አይወጡም? ምክንያቱ ጉልበቱ በሙሉ ወደ መጠነ ቁስ አለመለወጡ ነው። ፕሮቶን ኳርክና ግሉዎን ከሚባሉ ክፍሎች የተሠራ በመሆኑ በአንድ ግጭት ላይ በጠንካራ ሁኔታ የሚላተሙት የእነዚህ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ ቀሪዎቹ አብዛኛውን ጉልበት ይዘው ቀድሞ በነበሩበት አቅጣጫ ይቀጥላሉ። የተወለዱት ቅንጣቶችም ቢሆኑ ቆመው አይወለዱም፤ ከጉልበቱ ከፍተኛውን ድርሻ በፍጥነት መልክ ይወስዱታል። በዚህም ምክንያት የግጭቱ ጉልበት በአሥር እጥፍ ሲያድግ የቅንጣቶቹ ቁጥር በአሥር እጥፍ አያድግም፤ ጭማሪው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ኳርኮች ለምን ብቻቸውን አይወጡም?

በግጭት የሚላተሙት ኳርኮችና ግሉዎኖች ሆነው ሳለ በመለኪያ መሣሪያዎች ላይ ግን አንድም ብቸኛ ኳርክ ታይቶ አያውቅም። ኳርኮችን የሚያስተሳስረው ኃይል፣ ጽኑ ኃይል የሚባለው፣ ከሌሎቹ የተፈጥሮ ኃይሎች የተለየ ጠባይ አለው። ሁለት ማግኔቶች ሲራራቁ መሳሳባቸው ይደክማል፤ ሁለት ኳርኮች ሲራራቁ ግን በመካከላቸው ያለው ሳብ አይደክምም። እንደ ተለጠጠ ላስቲክ በመካከላቸው ጉልበት እየተጠራቀመ ይሄዳል። የዚህ «ላስቲክ» ውጥረት ከ16 ቶን ክብደት ጋር ይመጣጠናል፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው ከአንድ አቶም በብዙ ሺህ ጊዜ በሚያንስ ርቀት ውስጥ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ኳርኮቹ መራራቃቸውን ሲቀጥሉ የተጠራቀመው ጉልበት አዲስ ኳርክና ጸረ ኳርክ ለመፍጠር የሚበቃበት ደረጃ ይደርሳል፤ ላስቲኩም ይበጠሳል። በተበጠሰበት ቦታ ግን ባዶ ጫፍ አይቀርም፣ በአንዱ ጫፍ አዲሱ ኳርክ፣ በሌላው አዲሱ ጸረ ኳርክ ይቆማል። ቁራጮቹ እንደገና ይለጠጣሉ፣ እንደገና ይበጠሳሉ፤ ሂደቱ የሚያቆመው የቀረው ጉልበት ሌላ ጥንድ ለመፍጠር የማይበቃ ሲሆን ነው። በመጨረሻ ወደ መለኪያ መሣሪያው የሚደርሱት እነዚህ ቁርጥራጮች ናቸው። ከግጭቱ የወጡት ቅንጣቶች ከየት መጡ ለሚለው ጥያቄ አጭሩ መልስ ይህ ነው፤ አብዛኞቹ የተወለዱት ኳርኮች ሲራራቁ በመካከላቸው ከተወጠረው ጉልበት ነው።

አንድ ኳርክና አንድ ጸረ ኳርክ ሲጣመሩ ሜዞን ይባላሉ፤ ከሜዞኖች ሁሉ ቀላሉ ፓዮን ነው። ቀላል በመሆኑም ለመፈጠር አነስተኛ ጉልበት ይበቃዋልና በቁጥር ሌሎቹን ሁሉ ይበልጣል። ሦስት ዓይነት ፓዮን አለ፤ አዎንታዊ ሙል ያለው፣ አሉታዊ ሙል ያለውና ገለልተኛው። ገለልተኛው ከሁለቱ የሚለይበት ዕጣ ወደ ኋላ እንደምናየው ብዙ ነገር ይወስናል።

ኮስሚክ ጨረር መኖሩ እንዴት ታወቀ?

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አየር በጥቂቱ በኤሌክትሪክ የተሞላ መሆኑ ይታወቅ ነበር፤ ምክንያቱም በመሬት ውስጥ ካሉ ራዲዮአክቲቭ ማዕድናት የሚወጣ ጨረር ነው ተብሎ ይገመት ነበር። ግምቱ ትክክል ቢሆን ከመሬት በራቅን ቁጥር ጨረሩ መቀነስ ነበረበት። ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ ነሐሴ 7 ቀን 1912 በሃይድሮጅን በተሞላ ባሉን መሣሪያዎቹን ይዞ ከ5,000 ሜትር በላይ ወጣ፤ ጨረሩ መጀመሪያ በጥቂቱ ከቀነሰ በኋላ ከፍታው ሲጨምር እየበዛ ሄደ። በዚያው ዓመት በፀሐይ ግርዶሽ ወቅት ባደረገው በረራ ጨረሩ ስላልቀነሰ ዋናው ምንጩ ፀሐይ እንዳልሆነች ደመደመ። በ1936 የኖቤል ሽልማትን የኤሌክትሮን ጸረ ቁስ አቻ የሆነውን ፖዚትሮንን ካገኘው ከካርል አንደርሰን ጋር ተካፈለ።

ስሙ ጨረር ቢባልም በአብዛኛው ቅንጣት ነው፤ ወደ ከባቢ አየር ከሚደርሱት ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ ፕሮቶኖች፣ 9 በመቶ ያህሉ የሂሊየም አስኳሎች፣ የቀሩት ደግሞ እስከ ብረትና ከዚያም በላይ የሚደርሱ ከባድ አስኳሎች ናቸው። ከፊሎቹ የሚፋጠኑት በፈነዱ ከዋክብት ቅሪት ውስጥ መሆኑን የሚያሳየው ማስረጃ ራሱ የፓዮን ሥራ ነው፤ ፌርሚ የተባለው የኅዋ ቴሌስኮፕ በ2013 በሁለት ቅሪቶች ላይ ከገለልተኛ ፓዮን መፍረስ ብቻ የሚጠበቀውን የጋማ ጨረር መልክ አግኝቷል።

ትልልቅ ማፋጠኛዎች ከመሠራታቸው በፊት ለዚህ ምርምር ያለው ብቸኛ ምንጭ ሰማዩ ነበር። ጃፓናዊው ሂዴኪ ዩካዋ በ1935 ፕሮቶኖችንና ኒውትሮኖችን በአስኳል ውስጥ የሚያያይዝ ቅንጣት መኖር እንዳለበት ተነበየ። በቀጣዩ ዓመት አንደርሰንና ሴት ኔደርማየር በኮስሚክ ጨረር ውስጥ መጠነ ቁሱ ከትንበያው ጋር የሚቀራረብ ቅንጣት አገኙ፤ የተፈለገው ተገኘ ተብሎም ተደሰቱ። ይሁን እንጂ ቅንጣቱ አስኳልን ከምንም ሳይቆጥር ያልፍ ስለነበር አስኳልን የሚያያይዝ ሊሆን አይችልም። ያ ሚዩዎን ነበር። ትክክለኛው ፓዮን የተገኘው በ1947 ሲሆን፣ የሴሲል ፓዌል፣ የሴዛር ላቴስና የጁዜፔ ኦኪያሊኒ ቡድን በፈረንሳይ ፒሬኔስና በቦሊቪያ ቻካልታያ ተራሮች ላይ ባስቀመጣቸው የፎቶግራፍ ፕሌቶች ላይ ዱካው ታየ። ዱካው አንድ ቅንጣት ፈርሶ ሌላ ቅንጣት ሲሆን ያሳይ ነበር፤ ፓዮን ወደ ሚዩዎን። በቀጣዩ ዓመት በበርክሌይ ማፋጠኛ ሰው ሠራሽ ፓዮን ተገኘ፤ ከዚያም የምርምሩ ማዕከል ቀስ በቀስ ከተራራ ወደ ቤተ ሙከራ ወረደ።

አንድ ቅንጣት እንዴት ቢሊዮኖች ይሆናል?

ከባቢ አየር ከላይ እስከ ታች ሲመዘን ከ10 ሜትር ጥልቀት ውኃ ጋር የሚተካከል ግርዶሽ ነው። ከፍተኛ ጉልበት ያለው ፕሮቶን ከላይ ሲገባ ይህን ሁሉ ሳይነካ ማለፍ አይችልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ባለው ስስ አየር ውስጥ ከአንድ አስኳል ጋር ይጋጫል። ከግጭቱ የሚወጡት ፓዮኖች ደግሞ በተራቸው ሌሎች አስኳሎችን ይመታሉ፤ ትውልድ በትውልድ ላይ እየተጨመረ የቅንጣቶቹ ቁጥር ያድጋል፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ጉልበት ግን ያንሳል።

የፓዮኖቹ መንገድ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ገለልተኛው ፓዮን ሌላ ነገር ለመምታት ጊዜ አያገኝም፤ ወዲያውኑ ፈርሶ ሁለት የጋማ ፎቶኖች (ከፍተኛ ጉልበት ያላቸው የብርሃን ቅንጣቶች) ይሆናል። ፎቶኖቹ ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ጥንድ ይለወጣሉ፣ እነዚህም መልሰው ፎቶኖችን ያወጣሉ፤ በዚህ ሁኔታ የሚባዛው ክፍል በቁጥር ከሁሉ ይበልጣል። ሙል ያላቸው ፓዮኖች በአማካይ 26 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ይኖራሉ፤ ፈጣን ከሆኑ አስኳል መምታታቸውን ይቀጥላሉ፣ ጉልበታቸው ሲያንስ ደግሞ ፈርሰው ሚዩዎንና ኒውትሪኖ የተባለ ሙል የሌለው ቀላል ቅንጣት ይሆናሉ። ሚዩዎን ከአስኳል ጋር እምብዛም ስለማይነካካ እስከ ምድር ይደርሳል።

በነገራችን ላይ የሚዩዎን መድረስ ራሱ የአይንስታይንን ንድፈ ሐሳብ የሚመሰክር ነው። አማካይ ዕድሜው 2.2 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ብቻ በመሆኑ በብርሃን ፍጥነት ቢሮጥ እንኳ ከ660 ሜትር በላይ መሄድ አልነበረበትም። ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ የሚደርሰው ለፈጣን ነገር ጊዜ በዝግታ ስለሚሄድ ነው።

ፒየር ኦዤ በ1938 እርስ በርሳቸው እስከ 300 ሜትር በሚራራቁ መሣሪያዎች ላይ ቅንጣቶች በአንድ ቅጽበት እንደሚደርሱ አስተዋለ፤ ይህም ሁሉም ከአንድ ከላይ ከገባ ቅንጣት የወረዱ የአንድ ዶፍ (እንደ ዝናብ የሚወርድ የቅንጣቶች ስብስብ) አካላት መሆናቸውን አመለከተ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው በአርጀንቲና የሚገኘው ኦብዘርቫቶሪ (የምልከታ ጣቢያ) በ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት የተደረደሩ፣ የሚገቡባቸውን ቅንጣቶች የሚመዘግቡ ከ1,600 በላይ የውኃ ታንኮች አሉት። ስፋቱ ቅንጦት አይደለም፤ የመጨረሻው ከፍተኛ ጉልበት ያላቸው ቅንጣቶች በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ በአንድ ክፍለ ዘመን አንድ ጊዜ እንኳ አይወርዱም።

ማፋጠኛው ይበልጣል ወይስ ሰማዩ?

በጉልበት ሰማዩ ይበልጣል። ጥቅምት 15 ቀን 1991 በአሜሪካ ዩታ ግዛት የተመዘገበው ቅንጣት 320 ቢሊዮን ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነበረው። ይህ 51 ጁል ያህል ነው፤ አምስት ኪሎ ግራም ዕቃ አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ጉልበት በአንድ የአቶም አስኳል ላይ ተጭኖ ማለት ነው። በ2021 በዚያው ግዛት አማተራሱ ተብሎ የተሰየመ፣ 240 ቢሊዮን ቢሊዮን የሚጠጋ ጉልበት ያለው ሌላ ቅንጣት ተመዝግቧል።

ንጽጽሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሰርን ሁለቱም ፕሮቶኖች ፊት ለፊት ስለሚሮጡ ጉልበታቸው በሙሉ ለግጭቱ ይውላል። ኮስሚክ ጨረር የሚመታው ግን የቆመ አስኳል በመሆኑ አብዛኛው ጉልበት ከግጭቱ የሚወጡትን ወደ ፊት በመግፋት ያልቃል። ይህ ሲታሰብ የሰርን ግጭት 100 ሚሊዮን ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ካለው ኮስሚክ ጨረር ጋር ይተካከላል። የ1991ዱ ቅንጣት በጥሬ ጉልበት ከዚህ በ3,000 እጥፍ ይበልጥ እንጂ፣ ለአዳዲስ ቅንጣቶች መፈጠር ሊውል በሚችለው ጉልበት ብልጫው ከ50 እጥፍ ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ነው። ማፋጠኛው በበኩሉ ሰማይ የሌለው ነገር አለው፤ ምን ከምን ጋር እንደተጋጨ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ግጭቱም በሰከንድ በመቶ ሚሊዮኖች ይደጋገማል።

ሰርን በ2008 ማፋጠኛውን ሲከፍት ግጭቶቹ ምድርን የሚውጥ ጥቁር ጉድጓድ ይፈጥራሉ የሚል ስጋት በሰፊው ተወርቶ ነበር። መልሱ ከላይ በተባለው ውስጥ አለ። የሰርን የደኅንነት ገምጋሚ ቡድን በዚያው ዓመት እንዳሰላው፣ ኮስሚክ ጨረር ማፋጠኛው በዕድሜው ሊያደርገው የታቀደውን የግጭት ብዛት በምድር ላይ ቢያንስ መቶ ሺህ ጊዜ ያህል አድርጎታል፤ ምድር ግን አሁንም አለች።

ከባድ አስኳሎች ሲጋጩስ?

ከፕሮቶን ይልቅ የእርሳስ አስኳል ሲጋጭ 208 ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች በአንድ ጊዜ ከሌሎች 208 ጋር ይገናኛሉ። በሰርን እንዲህ ያለው ግጭት ፍጹም ፊት ለፊት ሲሆን ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ብቻ ወደ 20,000 ይደርሳሉ። እዚህ ላይ ያ ሁሉ ላስቲክ እርስ በርሱ ስለሚደራረብ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። መጠነ ሙቀቱ ወደ 2 ትሪሊዮን ዲግሪ ሲያልፍ ፕሮቶንና ኒውትሮን የሚባል ነገር ይቀልጥና ኳርኮችና ግሉዎኖች በነፃ የሚንቀሳቀሱበት ሁኔታ ይፈጠራል፤ ይህም ከፀሐይ እምብርት ከ100,000 እጥፍ በላይ የሞቀ ነው። ዩኒቨርስ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊዮንኛ ሰከንዶች በዚህ ሁኔታ ላይ እንደነበረ ይታሰባል።

በኒው ዮርክ ግዛት ያለው የብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ከ2000 ጀምሮ የወርቅ አስኳሎችን ሲያጋጭ ቆይቶ በ2005 ያወጣው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ። እንደ ጋዝ ይበተናል ተብሎ የተጠበቀው ነገር እንደ ፈሳሽ፣ ያውም ውስጣዊ ሰበቃው ከሚታወቁ ፈሳሾች ሁሉ ባነሰ መጠን ይፈስ ነበር። ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ እንደገና ወደ ተለመዱት ቅንጣቶች ይረጋል፤ ከቀላል የፕሮቶን ግጭት ይልቅም ስትሬንጅ የተባለውን የኳርክ ዓይነት የያዙ ቅንጣቶች ድርሻ ከፍ ይላል። በ2017 ደግሞ አሊስ የተባለው የሰርን ሙከራ ይኸው ጭማሪ ብዙ ቅንጣት በሚወጣባቸው የፕሮቶን ግጭቶችም ላይ እንደሚታይ አስታወቀ። ግኝቱ ከማፋጠኛ ጋር ብቻ የተያያዘ ይመስል ነበር፤ የሰማዩን ጉዳይ የሚያጠኑት ግን ወዲያው ጆሮአቸውን አቀኑ።

ሰማዩና ማፋጠኛው የማይስማሙት በምንድን ነው?

ታንክ ውስጥ የገባውን የቅንጣት ቁጥር ወደ ዋናው ኮስሚክ ጨረር ጉልበትና ዓይነት ለመመለስ ዶፉ እንዴት እንዳደገ ማስላት ያስፈልጋል። ስሌቱ የሚካሄደው በማፋጠኛ መለኪያዎች በተቃኙ የኮምፒውተር ሞዴሎች ነው። ሞዴሎቹ ብዙውን ነገር በጥሩ ሁኔታ ይተነብያሉ፤ በሚዩዎን ላይ ግን ይሳሳታሉ። የአርጀንቲናው ኦብዘርቫቶሪ በ2015 ባሳተመው ትንታኔ 10 ቢሊዮን ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የተቆጠሩት ሚዩዎኖች፣ እንደ ሞዴሉ ዓይነት፣ ከተተነበየው ከ30 እስከ 80 በመቶ ይበልጡ ነበር።

እንዲህ ያለ ትልቅ ልዩነት ከትንሽ ስሕተት ሊወለድ እንደሚችል በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በእያንዳንዱ ትውልድ ግጭት ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛው ወደ ገለልተኛ ፓዮን ይሄዳል እንበል። ያ ጉልበት ወደ ፎቶንና ኤሌክትሮን ስለገባ ሚዩዎን ለመሥራት አይመለስም። ሁለት ሦስተኛው ለቀጣዩ ትውልድ ይተርፋል፤ ከስድስት ትውልድ በኋላ የቀረው ከመነሻው 9 በመቶ ያህል ነው። ወደ ገለልተኛ ፓዮን የሚሄደው አንድ አራተኛ ብቻ ቢሆን ግን ከስድስት ትውልድ በኋላ 18 በመቶ ያህል ይቀራል፤ ሚዩዎን ሊሠራ የሚችለው ጉልበት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስትሬንጅ ኳርክ የያዙ ቅንጣቶች ሲበዙ የገለልተኛ ፓዮን ድርሻ ስለሚያንስ፣ የ2017ቱ የአሊስ ውጤት ትኩረት የሳበው በዚህ ምክንያት ነው። ከተሰነዘሩት ማብራሪያዎች መካከል ይህ ከሁሉ የተሻለ መሠረት ያለው ይመስለኛል፤ ገና ግን አልተረጋገጠም።

የማፋጠኛ መለኪያዎች እስካሁን ይህን ያልፈቱት ሁለት ክፍተት ስላለባቸው ነው። አንደኛው የአቅጣጫ ነው፤ ዋናዎቹ መሣሪያዎች ወደ ጎን የሚወጡትን ቅንጣቶች ሲመዘግቡ፣ የዶፉን ዕድገት የሚወስኑት ግን ከጨረሩ መንገድ ሳይርቁ ወደ ፊት የሚሄዱት ናቸው። ለዚህ ሲባል ከግጭቱ ቦታ 140 ሜትር ርቆ የተቀመጠ አነስተኛ ሙከራ በሰርን ተተክሏል። ሁለተኛው የኢላማው ዓይነት ነው፤ አየር ከፕሮቶንም ከእርሳስም የተሠራ አይደለም። ሰርን በ2025 ሐምሌ ወር መጀመሪያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሮቶንን ከኦክስጅን፣ ኦክስጅንንም ከኦክስጅን ጋር አጋጭቷል።

በአርጀንቲናም ታንኮቹ ላይ ኤሌክትሮንን ከሚዩዎን ለይተው ለመቁጠር የሚረዱ ተጨማሪ መሣሪያዎች ተገጥመዋል። ከዚያው ኦብዘርቫቶሪ በ2021 የወጣ ሌላ ውጤት ፍለጋውን አጥብቦታል። የሚዩዎን ቁጥር ከዶፍ ወደ ዶፍ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ በዋናነት የሚወስነው የመጀመሪያው ግጭት ነው፤ ውዥዋዤው ሲለካ ከሞዴሎቹ ጋር ገጠመ። ስሕተቱ በዚያ የመጀመሪያ ግዙፍ ግጭት ውስጥ ከተደበቀ ያልታወቀ ክስተት ይልቅ በየትውልዱ ከሚደራረብ ትንሽ ጉድለት የመምጣቱ ዕድል ሰፋ ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ከኦክስጅኑ ግጭቶች የሚጠበቀው ቁልፍ ቁጥር ወደ ፊት ከሚሄደው ጉልበት ወደ ገለልተኛ ፓዮን የሚገባው ድርሻ በሞዴሎቹ ከተቀመጠው በጥቂት በመቶኛ ማነስ አለማነሱ ነው።